የኮራል አኳሪየም ካልሲየም አልረጋ ሲል፦ ከልኬት እስከ ዕለታዊ ጭማሪ

የብዙ ሰው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ካልሲየም ይለካል፣ 360 ሚሊግራም በሊትር ይወጣል። ዱቄት ይጨምራል፣ በማግስቱ 400 ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ 360 ላይ ቁጭ ይላል። እንደገና ይጨምራል። በዚህ መሃል ውሃው ይደፈርሳል፣ ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ የኮራሎቹም ጫፍ ይነጣል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ላይ ብቻ ማፍጠጥ ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስለዚህ ካልሲየምን ብቻውን አይወስድም፤ ካርቦኔቱንም አብሮ ይወስዳል። ይሄኛውን የምንከታተለው አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በመለካት ነው። ማግኒዥየም ደግሞ ሁለቱ ውሃው ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው እንዳይዘቅጡ ያግዛል። ሦስቱን አብራችሁ ካልያዛችሁ አንዱም አይያዝላችሁም።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ። 2ኛውንና 5ኛውን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ዕቃና ስሌት አዘጋጁ

እነዚህ ሳይሟሉ አትጀምሩ፦

- የካልሲየም፣ የአልካሊኒቲና የማግኒዥየም ቴስት ኪት (ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ሳጥኑ ላይ እዩ)
- ሪፍራክቶሜትር (የጨዋማነት መለኪያ) እና 35 ፒፒቲ (በ1000 ክፍል ውሃ 35 ክፍል ጨው) የሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ
- ቢያንስ እስከ 0.1 ግራም የሚመዝን ትንሽ ሚዛን
- በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባል ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ
- ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት
- ክዳን ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ሁለት ሲሪንጆች፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር
- ደብተር

ኬሚካሎቹ ለአኳሪየም ወይም ለምግብ የሚሆን ንጽሕና ይኑራቸው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ካልሲየም ክሎራይድ አትጠቀሙ። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደርም አንድ አይደሉም። ፓውደሩ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ታንክ ውስጥ አይገባም።

አሁን የውሃችሁን ትክክለኛ መጠን አስሉ። የታንኩን ርዝመት፣ ስፋትና የውሃውን ከፍታ በሳንቲሜትር አባዙና ለ1000 አካፍሉ። ሊትሩን ይሰጣችኋል። ከዚያ ላይ ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ቦታ ቀንሱ፤ ሰምፕ (ከታንኩ ጋር የተገናኘ ተጨማሪ የውሃ ገንዳ) ካላችሁ የእሱን ውሃ ደምሩ። ታንኩ ሲሸጥ የተነገራችሁን ሊትር እንዳለ አትውሰዱ። ያ ቁጥር ባዶውን መስታወት ነው የሚናገረው። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች ሁሉ የተጣራ 200 ሊትር ውሃ ላለው ታንክ ናቸው።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ጨዋማነቱን አስተካክሉ

የባሕር ውሃ ጨዋማነት 35 ፒፒቲ አካባቢ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይህ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) 1.026 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ካልሲየሙ 420 ሚሊግራም በሊትር የነበረ ውሃ፣ በተጣራ ውሃ ቀጥኖ ወደ 30 ፒፒቲ ቢወርድ ካልሲየሙ 360 ይሆናል። የጎደለው ጨው እንጂ ካልሲየም አይደለም። እዚህ ላይ ካልሲየም መጨመር የጀመረ ሰው ለወራት ሲዳክር ሊኖር ይችላል።

1. ሪፍራክቶሜትሩን በ35 ፒፒቲ ፈሳሹ አስተካክሉ። በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ የሚዋሽ መሣሪያ አለ።
2. የታንኩን ውሃ ለኩ።
3. ዝቅ ካለ፣ ለጥቂት ቀናት የሚተነውን ውሃ በተጣራ ውሃ ሳይሆን በጨው ውሃ ተኩ። በአንድ ቀን ለማድረስ አትቸኩሉ።
4. 35 ላይ ከረጋ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 3፦ ሦስቱንም ለኩ

ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ማታ የተለካ ነገር አይነጻጸርም፤ ኮራሎች መብራት ሲበራ ፍጆታቸው ይጨምራልና። ከጨመራችሁ በኋላም ወዲያው አትለኩ፤ ጥቂት ሰዓታት ይለፉ።

1. የመለኪያ ብልቃጡን በራሱ በታንኩ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ።
2. ናሙናውን ውሃ በደንብ ከሚንቀሳቀስበት ቦታ ውሰዱ።
3. ሲሪንጁ ውስጥ የተያዘ የአየር አረፋ ካለ አስወጡት። ትንሽ አረፋ ንባቡን በቀላሉ ያዛባል።
4. ጠብታውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ በየጠብታው ወዝውዙ። ብዙዎቹ የካልሲየም ኪቶች ከሮዝ ወደ ሰማያዊ ይቀየራሉ። ማቆም ያለባችሁ ቀለሙ መቀየር ሲጀምር ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚጨመር ጠብታ ምንም የማይለውጠው ሲሆን ነው።
5. ድገሙት። ሁለቱ የካልሲየም ውጤቶች በ10 ወይም በ20 ቢለያዩ አትደንግጡ፤ ያ የኪቱ ስሕተት ነው። በ50 ከተለያዩ ግን ሦስተኛ ጊዜ ለኩ።

ግባችሁ ይህ ይሁን፦

- ካልሲየም፦ 400–440 ሚሊግራም በሊትር
- አልካሊኒቲ፦ 7.5–9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ)
- ማግኒዥየም፦ 1250–1350 ሚሊግራም በሊትር

ኪታችሁ ፒፒኤም የሚል ከሆነ ለዚህ ሥራ ከሚሊግራም በሊትር ጋር አንድ አድርጋችሁ ውሰዱት። ለእያንዳንዱ በተሰጠው ክልል ውስጥ አንድ ቁጥር ምረጡና እሱ ላይ ጽኑ። አልካሊኒቲው ሁልጊዜ 8 የሆነ ታንክ፣ በ7 እና በ10 መሃል ከሚዋልል ታንክ እጅግ ይሻላል። ካልሲየምን 500 ማድረስም ኮራሉን አያፈጥነውም፤ ዝቃጭ ነው የሚያመጣው።

ደረጃ 4፦ የጎደለውን አንድ ጊዜ ሙሉ

ቅደም ተከተሉ፦ ማግኒዥየም፣ ከዚያ አልካሊኒቲ፣ ከዚያ ካልሲየም። ማግኒዥየሙ ሳይስተካከል ሌሎቹን መሙላት ድካም ነው፤ የጨመራችሁት ማሞቂያው ላይ ይጋገራል።

ለእያንዳንዱ 100 ሊትር ውሃ የሚያስፈልገው መጠን፦

- ማግኒዥየምን በ10 ሚሊግራም በሊትር ለመጨመር፦ 8.4 ግራም ማግኒዥየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት
- አልካሊኒቲን በ1 ዲኬኤች ለመጨመር፦ 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ
- ካልሲየምን በ10 ሚሊግራም በሊትር ለመጨመር፦ 3.7 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት

እሽጉ ላይ «አንሃይድረስ» የሚል ካለ ውሃ የሌለበት ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከ3.7 ይልቅ 2.8 ግራም ተጠቀሙ። ይህን ሳያዩ የሚሠሩ ሰዎች ከሚፈልጉት በላይ ይጨምራሉ።

በአንድ ቀን ከዚህ አትለፉ፦ ማግኒዥየም 50 ሚሊግራም በሊትር፣ ካልሲየም 20 ሚሊግራም በሊትር፣ አልካሊኒቲ 1 ዲኬኤች። ቅርንጫፋም ጠንካራ ኮራሎች ካሏችሁ አልካሊኒቲውን በቀን ግማሽ ዲኬኤች ላይ ገድቡት። ኮራልን ቶሎ የሚጎዳው የአልካሊኒቲ ዝላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 200 ሊትር ታንክ፣ ካልሲየም 370፣ ግብ 420። ልዩነቱ 50 ነው። 3.7 ግራም × 5 × 2 = 37 ግራም። ይህን ለሦስት ቀን አካፍሉት፤ በቀን 12 ግራም ገደማ ይሆናል።

አጨማመሩ እንዲህ ነው፦

1. ጓንትና መነጽር አድርጉ።
2. ግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ቅዱ።
3. ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃ ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ካልሲየም ክሎራይድ ሲሟሟ ይሞቃል፤ አንሃይድረሱ በተለይ በጣም ይግላል፣ ሊፈናጠርም ይችላል።
4. እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።
5. ውሃ በኃይል በሚሄድበት ቦታ፣ ሰምፕ ካለ እዚያው፣ ቀስ እያላችሁ አንጠባጥቡ። ኮራል ላይ አታፍስሱ።
6. አልካሊኒቲና ካልሲየም የምትሰጡበትን ሰዓት አራርቁ። አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ማድረግ ቀላሉ ነው።

በማግስቱ ለኩ። የጠበቃችሁትን ያህል ካልጨመረ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ የውሃውን መጠን አሳንሳችሁ ገምታችኋል፣ ወይም ዱቄቱ እርጥበት ስቧል። ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ዕቃው ሁልጊዜ ጥብቅ ብሎ ይዘጋ። የረጠበና የተጓጎለ ዱቄት ሲመዘን ከፊሉ ውሃ ነው።

ደረጃ 5፦ ታንኩ በቀን ስንት እንደሚበላ እወቁ

ሙሉው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የሌላ ሰው ታንክ የሚበላው ለእናንተ አይሠራም፤ ጠርሙስ ላይ የተጻፈ «በቀን ይህን ያህል» የሚል መመሪያም መነሻ እንጂ መልስ አይደለም።

1. ሦስቱም ግባቸው ላይ ሲደርሱ ሁሉንም ጭማሪ ለሦስት ቀን አቁሙ። ውሃም አትቀይሩ።
2. የመጀመሪያው ቀን አልካሊኒቲውን ለኩና ሰዓቱን ጻፉ።
3. ልክ ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ለኩ።
4. ልዩነቱን ለሦስት አካፍሉ።

8.4 የነበረው 7.2 ቢሆን 1.2 ወርዷል፤ በቀን 0.4 ዲኬኤች ማለት ነው። ከሦስት ቀን በፊት 7 ከደረሰ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ፤ እዚያው አቁሙና ባለፉት ቀናት ቁጥር አካፍሉ።

ለምን በካልሲየም አንለካም? ኮራል 1 ዲኬኤች አልካሊኒቲ ሲወስድ አብሮ የሚወስደው ካልሲየም 7 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ብቻ ነው። በምሳሌያችን በሦስት ቀን የወረደው ካልሲየም ከ9 ሚሊግራም አያልፍም። ይህ ከኪቱ ስሕተት ስለማይበልጥ አይታያችሁም። አልካሊኒቲው ግን ከ8.4 ወደ 7.2 ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ በየዕለቱ የምታዩት አልካሊኒቲን ነው፤ ካልሲየሙ በሂሳብ ይከተላል።

በሦስት ቀን ውስጥ ምንም ካልወረደ፣ ያሏችሁም ለስላሳ ኮራሎችና ዓሦች ብቻ ከሆኑ፣ በየሳምንቱ ውሃ መቀየር ሊበቃችሁ ይችላል። ከዚህ በታች ያለውን ተዉት። ነገር ግን ድንጋዩና መስታወቱ ላይ ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ በደንብ ከተስፋፋ እሱም ይበላል፤ ቀንድ አውጣና ክላምም (ባለሁለት ቅርፊት የባሕር ፍጥረት) እንዲሁ።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ፈሳሾች አዘጋጁ

ፈሳሽ አንድ (ካልሲየም)፦ 74 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በ1 ሊትር።

ፈሳሽ ሁለት (አልካሊኒቲ)፦ 84 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር።

ለሁለቱም መጀመሪያ 700 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ቅዱ፣ ዱቄቱን ጨምራችሁ አማስሉ፣ ሲሟሟ 1 ሊትር ላይ ሙሉት። ቤኪንግ ሶዳው ለመሟሟት ይለግማል። ታገሡት፤ ለማፍጠን ብላችሁ አታፍሉት። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየለቀቀ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይቀየራል፤ ያ ደግሞ ሲጨመር የታንኩን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት ልክ) ከፍ ያደርጋል።

ሁለቱ ፈሳሾች እኩል እንዲሄዱ ተደርገው የተመጠኑ ናቸው። ለ100 ሊትር ከእያንዳንዳቸው 36 ሚሊ ሊትር ብትሰጡ አልካሊኒቲው በ1 ዲኬኤች፣ ካልሲየሙ በ7 ሚሊግራም ይጨምራል።

ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ ጻፉ። ሲሪንጁም ለየብቻ ይሁን። ሁለቱ ፈሳሾች በቀጥታ ከተገናኙ ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ያ ከጥቅም ውጪ ነው።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ ስጡ፣ አስተካክሉ

ለ200 ሊትሩ ታንካችን ስሌቱ፦ 0.4 × 36 × 2 = 29 ሚሊ ሊትር። ከሁለቱም ፈሳሾች በየቀኑ 29፣ 29። ሁልጊዜ እኩል።

በመጀመሪያው ሳምንት አልካሊኒቲን በየሁለት ቀኑ ለኩ። እየወረደ ከሆነ ሁለቱንም በ10 በመቶ አሳድጉ፤ እየወጣ ከሆነ ሁለቱንም በ10 በመቶ ቀንሱ። አንዱን ብቻ መነካካት ከጀመራችሁ ወዲያው ሚዛኑ ይጠፋችኋል። ሲረጋ አልካሊኒቲን በሳምንት አንዴ፣ ካልሲየምን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማግኒዥየምን በወር አንዴ መለካት ይበቃል። ኮራል ባደገ ቁጥር ፍጆታው ያድጋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለዘላለም አይደለም።

ዶዚንግ ፓምፕ (ፈሳሹን በራሱ እየመጠነ የሚሰጥ) ከገዛችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ «10 ሚሊ» ሲል በእውነት 10 መሆኑን በመለኪያ ሲሊንደር ፈትሹ፤ ቱቦው ሲያረጅ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የቱቦው ጫፍ ከውሃው በላይ ይሁን፤ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ ተስቦ ታንክ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ፣ በተለይ ቤት ለቃችሁ ስትሄዱ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ከሚያስፈልገው ብዙ የተረፈ አታስቀምጡ። ፓምፑ ቢበላሽ እንኳ ጉዳቱ የተወሰነ ይሆናል።

ውሃ መቀየር አታቁሙ። በእነዚህ ፈሳሾች ሶዲየምና ክሎራይድ አብሮ ስለሚገባ ጨዋማነቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በየሳምንቱ ፈትሹት። አዲሱን የጨው ውሃም ከማፍሰሳችሁ በፊት ለኩ። አንዳንድ የጨው ዓይነት ከ10 ዲኬኤች በላይ ሆኖ ይበጠበጣል፤ 8 ላይ ለያዛችሁት ታንክ ትልቅ ለውጥ ነው።

የኖራ ውሃ ለሚመርጡ

ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ኖራ) በውሃ ሲበጠበጥ ካልሲየምንም አልካሊኒቲንም በአንድ ላይ በትክክለኛው ምጣኔ ይሰጣል፤ ጨውም አያከማችም። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 1.5 ግራም ገደማ በጥብጡ፣ ከድኑት፣ ይዝቀጥ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ በሚተነው ውሃ ምትክ አንጠባጥቡ። በአንድ ጊዜ አትድፉ። ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። 1 ሊትሩ የ100 ሊትር ታንክን አልካሊኒቲ በ1.1 ዲኬኤች ያህል ያሳድጋል፤ ስለዚህ ትነቱ ከፍ ያለ ታንክ ላይ ሳያስቡት ሊበዛ ይችላል። የታንኩ ፒኤች 8.5 ከደረሰ አቁሙ። ሌሊት፣ ፒኤች ዝቅ በሚልበት ሰዓት መስጠት ይመረጣል።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*ውሃው ድንገት እንደ ወተት ነጣ።* ዝቃጭ ነው። ሁሉንም ጭማሪ አቁሙ። የውሃ ዝውውሩንና ስኪመሩን (በአየር አረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን መሣሪያ) አታጥፉ። ሲጠራ ሦስቱንም ለኩ፤ አልካሊኒቲው በጣም ወርዶ ታገኙታላችሁ። ደንግጣችሁ በአንዴ አትመልሱት። ከ20 እስከ 25 በመቶ ውሃ ቀይሩና ከደረጃ 4 ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

*አልካሊኒቲው 11፣ ካልሲየሙ 350፣ ብጨምርም አልወጣ አለ።* አልካሊኒቲ መስጠት አቁሙ። ማግኒዥየም ለኩ፤ ከ1200 በታች ከሆነ እሱን አስተካክሉ። አልካሊኒቲው ወደ 8 ሲጠጋ ካልሲየሙን በቀን በ20 አውጡት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ወደ ላይ አትጎትቱ።

*ካልሲየም ከ500 በላይ ሄደ።* ካልሲየሙን ብቻ አቁሙ፤ አልካሊኒቲውን እንደ ወትሮው ቀጥሉ። ፈሳሾቹን አለማመጣጠን የሚፈቀደው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ውሃ መቀየር ያፈጥነዋል።

*ማሞቂያውና ፓምፑ በነጭ ቅርፊት ተሸፈኑ።* ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፣ ከታንኩ አውጡ፣ በአቼቶና በውሃ ዘፍዝፉ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ መልሱ። ቅርፊቱ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ ወይ ከልክ በላይ እየሰጣችሁ ነው፣ ወይ ማግኒዥየሙ አንሷል።

*የኖራ ውሃ በስሕተት ብዙ ገባ።* ፒኤች ለኩ። ዝውውሩን አጠንክሩ፣ ስኪመሩ በኃይል ይሥራ፤ የክፍሉ አየር ወደ ውሃው ሲገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ያወርደዋል። አልካሊኒቲው እስኪስተካከል ድረስ ሌላ ምንም አትጨምሩ።

*መጠኑን ሳልቀይር አልካሊኒቲው መውጣት ጀመረ።* ይህኛውን ብዙ ሰው መጠኑን ቀንሶ ያልፈዋል። መቀነሱ ትክክል ነው፤ ማለፉ ግን አይደለም። ኮራሎቹ መብላት አቁመዋል ማለት ነው። በዚያው ቀን የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ናይትሬትና ፎስፌት ፈትሹ፣ መብራቱን እዩ፣ ኮራሎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። አልካሊኒቲው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይናገራል፤ ቀለማቸው ሲለወጥ በዓይን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው።